ስጦታችን ሁለት ተቀባይ አለው
(ከወጣቶች ክፍል የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)



የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር እርስ በርሳችን ከምንመካከርባቸው ጉዳዮች አንዱ ስጦታ ነው። ለማን ምን እንስጥ? በስንት ብር እንግዛው? በምንስ እንጠቅልለው? እንባባላለን። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የምንዘለው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ስጦታው ካለቀ፣ ከተሰበረ ወይም ከተጣለ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ በምንኖርባት በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ያለውን ሁኔታ እየተመለከትን፣ ምድርን የማይጎዳ የበዓል ስጦታ እንዴት እንደሚመረጥ በአንድነት እናጠናለን።

የጥናታችን ዋና ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ ስጦታ ሁለት ተቀባይ አለው። አንደኛው ስሙን ጠርተን በእጁ የምንሰጠው ወዳጃችን ነው። ሁለተኛው ሳንጠራው የሚቀበለን ነው፤ እርሱም በበዓሉ ማግስት ጥራጊያችን የሚደርስበት መሬት፣ ውኃ፣ እንስሳና የእንስሳው ባለቤት ነው። የመጀመሪያውን ለማስደሰት ስንል ሁለተኛውን ከጎዳን፣ የሰጠነው ነገር ግማሹ ስጦታ ግማሹ ጉዳት ይሆናል።

1. በበዓል ማግስት የሚሆነው

ጅግጅጋ ከካራማራ ተራራ ወዲህ፣ ዛፍ በሳሳበት ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በበጋው ወራት ነፋስ ይበረታባታል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በእነዚሁ ደረቅ ወራት ስለሆነ፣ በበዓሉ ዕለት ከእጃችን የወጣው ፌስታል፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ የሚያብለጨልጭ መጠቅለያና የፈነዳ ፊኛ ከደጃፋችን ተነሥቶ እስከ ከተማው ዳር ይበርራል። እዚያ የሚይዘው የግራር እሾህ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ድንበሩን ተሻግረን ሐርጌሳን ብንመለከት፣ በእሾህ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ብዙ ቀለም ፌስታል ሰዎች በምጸት «የሐርጌሳ አበባ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ፌስታልን በሕግ ለመከልከል የተነሣችው ነገሩ ከቀልድ ስላለፈ ነው።

ከነፋስ የተረፈውን ጎርፍ ይወስደዋል። በጅግጅጋ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ በጀረር ሸለቆ በኩል ወደ ደጋህቡር አቅጣጫ ሲወርድ፣ በሜዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ነው። በቀብሪ በያህ፣ በሐርተሼክና በሐርሺን በኩል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ የለም። ሕዝቡ የዝናቡን ጎርፍ ቢርካ በሚባል ተቆፍሮ በተለሰነ ማጠራቀሚያ ይይዝና በደረቁ ወራት ከዚያ ይጠጣል፤ ከብቱንም ከዚያ ያጠጣል። እንግዲህ በዚያ አገር በሜዳ ላይ የወደቀ ጥራጊ በጎርፍ ተጠርጎ የሚገባው፣ ሰው ቀድቶ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በእንስሳት ላይ የሚደርሰው ነው። ፍየል፣ በግና ላም ፌስታሉ የያዘው የምግብ ሽታና ጨው ስለሚስባቸው ይበሉታል። ፌስታል ግን በጨጓራ አይፈጭም። አንዱ በአንዱ ላይ እየተጠቀለለ እንደ ኳስ ይጠነክራል፤ የምግቡንም ቦታ ይይዛል። እንስሳዪቱ ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትራባለች፤ ትከሳለች፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ሲብስባትም ትሞታለች። ለበዓል የታረደ ከብት ጨጓራ ያጠቡ እናቶቻችን እንዲህ ያለውን ድብልብል ነገር በእጃቸው ያወጡበት ጊዜ አለ። አምና በእጃችን ስጦታ ያንጠለጠልንበት ፌስታል ዘንድሮ በበዓላችን ማዕድ ዳር ተመልሶ መጣ ማለት ይህ ነው።

ማለዳ ወተት ይዘው ወደ ከተማችን የሚገቡት የሶማሌ እናቶች ኑሯቸው የቆመው በእነዚህ እንስሳት ላይ ነው። ለእኛ ፌስታሉ በነፃ የሚሰጠን፣ ቤት እንደ ገባን የምንጥለው ነገር ነው። ለእነርሱ ግን የአንዲት ፍየል መሞት የልጆች ወተት መቋረጥ ነው። ሁለተኛው ተቀባይ ያልነው እንግዲህ ስም የሌለው ሩቅ ነገር አይደለም፤ በየማለዳው በራችንን የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው።

2. ገበያው የሚያቀርብልን

ጅግጅጋ የንግድ ከተማ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ከበርበራ ወደብ የሚነሣው ዕቃ ሐርጌሳን አልፎ፣ ከእኛ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቶጎ ውጫሌ በኩል ይገባል። ከሐረርና ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር ሰው ለበዓል የሚሆነውን ዕቃ ፍለጋ ወደዚህ ይመጣል። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ነገር ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ከተማ ምሳሌ ይሆናል።

በበዓል ሰሞን በብዛት የሚሸጡትን አራት ነገሮች እንመልከት።

ሀ) የፕላስቲክ መጫወቻ። ቀለሙ ይማርካል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ብዙው በጥቂት ቀናት ይሰበራል፤ ከተሰበረ በኋላም የሚጠግነው የለም። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ሌላ አደጋ ይጨመራል። እንደ አዝራር ያለችው ክብ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ብትቀር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ታቃጥላለች። ያለቀ ባትሪ በሜዳ ሲጣል ደግሞ በውስጡ ያለው መርዛም ነገር ወደ አፈር ይገባል።

ለ) የፕላስቲክ አበባ። አይጠወልግም ተብሎ ይገዛል። እውነት ነው፣ አይጠወልግም፤ አቧራ ጠጥቶ ከተጣለ በኋላም አይበሰብስም።

ሐ) የገና ዛፍ። አንዳንዱ ሰው ሠራሹን ይገዛል፤ አንዳንዱ የጥድ ቅርንጫፍ ያስቆርጣል። የሐበሻ ጥድ ለማደግ ብዙ ዓመታት የሚፈጅ የደጋ ዛፍ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብሎ እርሱን መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ሰው ሠራሹ በቤት ካለ በየዓመቱ እያወጡ መገልገል፣ ከሌለ ደግሞ አዲስ ከመግዛት በግቢ የበቀለውን ወይም በቆርቆሮ የተተከለውን ተክል ማስጌጥ ይሻላል።

መ) በአገር ባህል ልብስ መልክ የታተመ ጨርቅ። ጥለቱ በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሸማ ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ከትልቅ ሰው ጋር ሆኖ በእሳት መንካት ነው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ጥጡ በመጨረሻ አፈር ይሆናል፤ ሌላው ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ሚዛናችን እንዳይዛባ አንድ ነገር እናክል። ፕላስቲክ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም። በቀብሪ በያህ መንገድ ውኃ የምታመጣ እናት ጀሪካን ለዓመታት ታገለግላለች፤ ሸክምም ታቀልላለች። ነቀፌታችን ለአንድ ቀን ደስታ ተሠርቶ ለብዙ ዓመታት ጥራጊ ሆኖ በሚኖረው ላይ ነው።

3. ከአባቶቻችንና ከጎረቤቶቻችን የምንማረው

በልደቱ ታሪክ ውስጥ ከምሥራቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ሦስት ነገር እንዳቀረቡ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ እነርሱም ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ማለትም ዕጣንና ከርቤ፣ የዛፍ ሙጫዎች ናቸው። እነዚህ ዛፎች ደግሞ ከሩቅ አገር የሚፈለጉ አይደሉም፤ በዚሁ በሶማሌ ክልል ቆላማ ሥፍራዎች ይበቅላሉ፤ ሙጫውም ተለቅሞ ለገበያ ይቀርባል።

የአለቃቀሙን ሥርዓት ልብ እንበል። ዛፉ አይቆረጥም። ቅርፊቱ ሲቆስል ወይም በራሱ ሲሰነጠቅ ሙጫው ይፈስሳል፤ በነፋስ ይደርቃል፤ ከዚያም ይለቀማል። ዛፉ በሕይወት ይኖራል፤ በሚመጣውም ዓመት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለዚህም ልክ አለው። በዕጣን ዛፍ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ ደህና አድርጎ የሚበቅል ዘር ማፍራት ያዳግተዋል። ከዚህ የምንማረው መልካም ስጦታ ማለት ሰጪውን ዛፍ ሳይገድል የሚገኝ ስጦታ መሆኑን ነው።

አሰጣጣችንንም እንመርምር። ለዘመድ ቤት ምግብ የሚወሰደው በአገልግል ነበር። አገልግል ከሣር ተሰፍቶ ቆዳ የሚለብስ ነው፤ ምግቡን ካደረሰ በኋላ ይመለሳል፤ ለዓመታትም ያገለግላል። ወደ ገበያ የሚኬደው ዘንቢል ይዞ ነበር። በዓል ሲሆን ለጎረቤት የተላከ ሳህንም በብዙ ቤት ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎም ቢሆን ተደርጎበት ይመለሳል። በእኛ ገናና ፋሲካ ከእኛ ቤት ወደ እስላሙ ጎረቤታችን፣ በእነርሱም ዒድና ዓረፋ ከእነርሱ ቤት ወደ እኛ የሚሄደው ሳህን እንዲህ ነው። አንድ ሳህን በዓመት ስንት ጊዜ ደስታ ተሸክሞ መንገዱን ያቋርጣል! አንድም ጥራጊ አይተውም።

የሶማሌ አርብቶ አደሮችም እንዲሁ ያለ ጥበብ አላቸው። ሃን የሚባለው የወተትና የውኃ ዕቃቸው ከተክል ጭረት ተጎንጉኖ የሚሠራ ነው። እናቶቻችን የእርጎውን ዕቃ በወይራ እንደሚያጥኑት፣ እነርሱም የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጢስ ያጥኑታል፤ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፤ ጣዕምም ያገኛል። በእኛና በሐረር መካከል ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያም የሐረር ሴቶች በሣር የሚሰፉት ባለ ቀለም ስፌት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለሙሽሪትም ይሰጣል። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ሲያረጁ አፈር ይሆናሉ።

4. ከመግዛታችን በፊት የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

ከላይ ካየነው በመነሣት፣ ማንኛውንም ስጦታ በእጃችን ይዘን ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት አራት ጥያቄ ብንጠይቅ ይጠቅመናል።

አንደኛ፤ ከምን ተሠራ? ከሣር፣ ከሸክላ፣ ከጥጥ፣ ከቆዳና ከእንጨት የተሠራ ዕቃ በመጨረሻ ወደ መሬት ይመለሳል። በእርግጥ ሸክላም ለመተኰስ ማገዶ ይፈልጋል፤ እንጨቱም ዛፍ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህም ቢሆን የሚያስፈልገውን ብቻ መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ስንት ቀን ያገለግላል? ለአንድ ቀን ከሚያስቅ ነገር ዓመት የሚያገለግል ይበልጣል። ሲበላሽ የሚጠገን ከሆነ ደግሞ እጅግ መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ በምን ተጠቅልሏል? ብዙ ጊዜ ከስጦታው ይልቅ መጠቅለያው ይገዝፋል። በነጠላ ጫፍ፣ በመሐረብ፣ በስፌት ወይም ባለቀ ደብተር ወረቀት መጠቅለል ይቻላል። መሐረቡም ራሱ የስጦታው ክፍል ይሆናል። በፌስታል ረገድ ሕጉንም ማወቅ ይገባናል። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረት ወይም እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሏል። ይህ ስላልበቃ በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ ዘንቢል አንጠልጥሎ ወደ ገበያ መሄድ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ሕግ ራሱ ወደ እናቶቻችን ዘንቢል እየተመለሰ ነው።

አራተኛ፤ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ መመለስ ካቃተን ስጦታውን እንተወው። «እናቃጥለዋለን» ማለትም መልስ አይሆንም፤ የፕላስቲክ ጢስ መርዛም ስለሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም በአጠገቡ የሚጫወተውን ሕፃን ነው።

5. ለማን ምን እንስጥ?

ለሕፃናት፦ በቤት የተሠራ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የጨርቅ ኳስ፣ የገና ጨዋታ ዱላ፣ የሥዕል ደብተርና እርሳስ፣ ያነበብነው የተረት መጽሐፍ። ታላቁ ያደገበትን ልብስ አጥቦና ቁልፉን ተክሎ ለታናሹ መስጠትም ነውር የለበትም።

ለእናቶች፦ ብዙ ልጆች አንድ ላይ አዋጥተው አንድ ቁም ነገር ያለው ዕቃ ቢገዙ ይመረጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ ከተራው ያነሰ ከሰል ይፈጃል። የእናታችንን ዐይን ከጢስ፣ የሜዳውን ግራር ከመጥረቢያ ያድናል፤ ሁለቱም ተቀባዮች በአንድ ስጦታ ይደሰታሉ።

የማገዶ ነገር በእኛ አካባቢ ቀላል አለመሆኑን ሐርተሼክ ይመሰክራል። በ1980 ዓ.ም በሰሜን ሶማሊያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በዚያ የተከፈተው የስደተኞች መጠለያ ከ200,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም ነው። ነፍሱን ይዞ ለመጣ ሰው ማገዶ መቁረጥ ግዴታ ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ለማገዶና ለመጠለያ የተቆረጠው ዛፍ አካባቢውን አራቁቶት ነበር። በደረቅ አገር ዛፍ በአንድ ወር ይቆረጣል፤ ለመመለስ ግን የሰው ዕድሜ ይፈልጋል።

ለአረጋውያንና ለብቸኞች፦ ጉልበታችንን እንስጥ። ውኃ ማምጣት፣ ግቢ መጥረግ፣ የፈረሰውን አጥር ማጠር፣ ደብዳቤ ማንበብ ከሱቅ አይገዛም። ጥራጊም የለውም።

ለክርስትና አባትና እናት፣ ለመምህራን፦ የሐረር ቡና፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ማር፣ ዕጣንና የሸክላ ማጨሻ። ተበልቶና ተጨሶ የሚያልቅ ነገር በቤት ውስጥ ቦታ አይዝም። ከእነዚህ ጋር በእጃችን የጻፍነው የመልካም ምኞት ካርድ ቢጨመር ከታተመው ይልቅ ይጠበቃል።

ለሁሉም፦ ችግኝ። ነገር ግን ጊዜውን እንወቅ። በጅግጅጋ አካባቢ ዝናቡ በይበልጥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በገና የተሰጠ ችግኝ የሚያጠጣው ካልተመደበለት ይደርቃል፤ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ መስጠቱ ይሻላል። ዓይነቱንም እንምረጥ፤ ቁርቁራ፣ ሽፈራው፣ ሮማን፣ የአገሩ ግራር መልካም ናቸው። በረሓን ይከላከላል፣ ማገዶም ይሆናል ተብሎ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ግን የአፋርን ግጦሽ ከመውረሩም በላይ በድሬዳዋና በሽኒሌ ቆላም ተስፋፍቷል። በመልካም ሐሳብ የመጣ ስጦታ ሁሉ መልካም ስጦታ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

6. የሚነሡ ተቃውሞዎችና መልሳቸው

«እንዲህ ያለ ስጦታ ብንሰጥ ስስታም ይሉናል» የሚሉ አሉ። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። በአገራችን ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፤ ያልተጠቀለለ ይዞ መሄድም እየነወረ መጥቷል። ነገር ግን ይህ ነውር የሚጎዳው ማንን እንደሆነ እንጠይቅ። በየክፍላችን በበዓል ሰሞን ዕጣ አውጥተን ስጦታ ስንለዋወጥ ከመካከላችን የሚቀሩ ልጆች አሉ። ታመው አይደለም፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር መግዛት ስላልቻሉ አፍረው ነው። ወላጆቻቸው ሳይኖራቸው እንዳያስጨንቋቸው ብለው «ዛሬ ትምህርት የለም» የሚሉ አሉ። ስለዚህ የስጦታን ክብር ከመጠቅለያው ላይ አንሥተን በእጅ ሥራና በቁም ነገር ላይ ስናደርገው መሬቱን ብቻ አይደለም ያዳንነው፤ የቀረውን ልጅ ወደ መካከላችን መልሰነዋል። ሁሉም በእጁ የሠራውን ብቻ እንዲያመጣ ከተስማማን ያለውና የሌለው እኩል ይቆማሉ።

«የእኔ አንድ ፌስታል ምን ለውጥ ታመጣለች?» የሚልም አይጠፋም። ፍየሊቱን የገደለው ድብልብል ከአንድ ሰው ቤት የወጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ «የእኔ አንድ» ብሎ ከጣለው የተጠራቀመ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ለመልካሙም ለክፉውም ይሠራል።

«ቸርቻሪው ምን ይብላ?» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ርኅራኄ ያለበት ነው። ቸርቻሪው ጠላታችን አይደለም፤ እኛ የምንጠይቀውን ይሸጣል። ስፌት፣ ሸማ፣ ለውዝና ዕጣን ብንጠይቀው እርሱን ያመጣል። ያን ጊዜ ገንዘባችን ለቸርቻሪውም፣ ለሰፊዪቱም፣ ለሸማኔውም፣ ለገበሬውም ይዳረሳል።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ በዚህ ጥናት የተመለከትነውን በአጭሩ እንሰብስብ። ስጦታ ፍቅርን መግለጫ ነው። ፍቅርም በአንድ ሰው ደጅ ተጀምሮ በዚያው አያበቃም። ለወዳጃችን የሰጠነው መልካም ነገር በካራማራ ሜዳ ለምትሰማራው ላም፣ ከቢርካ ለሚጠጣው ሕፃን፣ ወተት ለምታመጣልን እናት ክፉ እንዳይሆን መጠንቀቅ የስጦታው አንድ ክፍል ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከለመድነው ያነሰ ይበቃል። የሚያስፈልገው ቀደም ብሎ ማሰብና ጥቂት የእጅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በዓል ጀምሮ ሦስት ነገር ለማድረግ እንነሣ። ወደ ገበያ ስንሄድ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ እንያዝ። በየክፍላችን የምንለዋወጠው ስጦታ በእጅ የተሠራ ወይም የሚበላ ይሁን። በበዓሉ ማግስት ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ እያንዳንዳችን ከደጃፋችን እስከ ጎረቤታችን ደጃፍ ያለውን ጥራጊ እንልቀም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1ኛ) አምና ከተቀበልናቸው ስጦታዎች እስከ ዛሬ የሚያገለግለን የትኛው ነው? የቀሩትስ አሁን የት ናቸው?
2ኛ) በሰፈራችን ስፌት የሚሰፉ፣ ሸክላ የሚሠሩ ወይም የሚሸምኑ እነማን ናቸው? ከእነርሱ ምን ልንማር እንችላለን?
3ኛ) በስጦታ መለዋወጫ ቀን ማንም አፍሮ እንዳይቀር በክፍላችን ምን ዓይነት ስምምነት ብናደርግ ይሻላል?
4ኛ) ለእስላም ጎረቤቶቻችን በዒድና በዓረፋ ይዘን የምንሄደው ስጦታ ከላይ የተጻፉትን አራት ጥያቄዎች ያልፋል ወይ?

መልካም በዓል ይሁንልን።